ቤንዚኑን ወዲያ በሉት

ፋሲካ በደረሰ ቁጥር እብናት ላይ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ዶሮና ምክር። ዶሮው ከማክሰኞ አያልፍም። ምክሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይፈላል። እሑድ ዳግማ ትንሣኤ ነው፣ ነጠላው ተመልሶ ይለበሳል፣ ነጠላው ላይ ደግሞ የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ተንጠባጥቦበታል።

አመጣጡን ሁሉም ያውቀዋል። ሌሊቱን ሕዝቡ ቅጽሩን ሞልቶ ይቆማል። ጧፍ ከጧፍ ይለኮሳል። ከኋላ ያለው እሳት ሊቀበል ዘንበል ሲል ከፊት የቆመው ትከሻ ላይ ጠብ! ሕፃኑ የራሱን ጧፍ እንደያዘ እንቅልፍ ያዳፋዋል፤ እናቱ ጋቢ ላይ ጠብ፣ ጠብ! ሰኞ ቡና ሲጠራ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ነጠላው መሀል ይዘረጋና መካሪው ሁሉ አፉን ይከፍታል።

ዘንድሮ ለየመካሪው መልስ ይዣለሁ። መልሴ ፈጠን ቢል አትቀየሙኝ። የሚበላሸው የእናቶቻችን ፈትል ነው፤ በፈትል ነገር ደግሞ አልታገሥም።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ!» ይላል አንዱ፤ ሰሙ ገና ትኩስ ሳለ በመሐረብ ጥርግ ጥርግ እያደረገ።

ጋሸ፣ ተረቱ ለእርቅ ይሁንልዎ። ሰም ካልደረቀ አይታረቅም።

የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከጧፉ ጫፍ ሲወርድ ፈሳሽ ነው፤ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ወዲያው መርጋት ይጀምራል። ልክ በዚያች አፍታ ካሹት፣ ከላይ ሊቀመጥ የነበረውን ወደ ክሩ መሀል አስገቡት ማለት ነው። የጣት ጫፍ ያክል የነበረው መዳፍ ያክላል። ካልነኩት ግን አብዛኛው እላዩ ላይ እንዳለ ይደርቃል፤ የደረቀ ደግሞ ይነሣል። ትኩሱ ሰም ከሌላው የጨርቅ ወገን ጋር እንዳይጣበቅ ዘርጋ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

«እና እጄን አጣጥፌ ልይ?»

እጅዎን ያጣጥፉ፤ ነጠላውን አያጣጥፉ።

«ቤንዚን ነው መድኃኒቱ!» ይላል ባጃጅ ነጂው፤ ከወንበሩ ሥር በሃይላንድ ያስቀመጠውን እያወጣ።

ወንድሜ፣ ባጃጅህን አስነሣበት። ነጠላው የትም አይሄድም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር፤ በየዓመቱ ይህን ምክር የሚሰማ አይጠፋምና። ቤንዚንም ሆነ ላምባ ሰም ያሟሟል፤ አልክድም። የሟሟው ሰም ግን ከቤንዚኑ ጋር ሆኖ ዙሪያውን ይሰፋል። ቤንዚኑ ሲተን ሰሙ ክብ ሠርቶ ይቀራል፤ የነበረው ጠብታ ቀለበት ሆኖ ታገኘዋለህ። ሽታው በአንድ እጥበት አይለቅም። ይህ ሁሉ ሆኖ ዋናው እሱ አይደለም። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ለወለል ይሄዳል። ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ ወለል ላይ ምን እንዳለ ታውቃለህ፤ የከሰል ምድጃ። ተኑ እሳት ፍለጋ አይደክምም፣ እሳቱ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እንዲህ የታጠበውን ነጠላ ለብሰህ ደግሞ እሑድ ሌሊት ጧፍ ከተለኮሰበት ሕዝብ መሀል ትቆማለህ። አጠገብህ ሕፃን አለ። ይህን ምክር ለሰው መስጠት በደል ነው፤ ከዚህ የለሰለሰ ቃል የለኝም።

«ላምባስ? ላምባ እኮ እንደ ቤንዚን አይቸኩልም።»

አይቸኩልም፤ አይምርም ግን።

«ይልቅ በረኪና ጨምሪበት፣ ድምቅ ብሎ ይነጣል» ትላለች ወጣቷ።

እታለም፣ ያጣላን ቀለሙ አይደለም።

በረኪና የሚሠራው ቀለም ላይ ነው፤ ሰም ግን ውሃ አያስገባም። ስለዚህ በረኪናው ሰሙን አልፎት ዙሪያውን ያለውን ጥጥ ያገኛል። ከሰሙ ሥር ያለው ክር ደህና ሆኖ ይቆያል፣ ያልቆሸሸው ክር ይመነምናል። ጥለቱ ይደበዝዛል። ባለቤቱ «ሰሙ ጨርቁን በላው» ይላል። ሰሙ ማንንም አልበላም፤ የበላው በጠርሙስ የተገዛው ነው።

«ውሃ አፍልቶ መዘፍዘፍ ነዋ!» ይላሉ በዕድሜ የገፉት።

እትየ፣ ግማሹን መንገድ ሄደውበታል፤ የቀረውን አብረን እንሂድ።

የፈላ ውሃ ሰም ያቀልጣል። ለምሳሌ ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃዋ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 91 አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ለሰም ይተርፋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጠጅ የጣለች ሴት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሰፈፉ በውሃ ሲፈላ ሰሙ ቀልጦ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲበርድ ከላይ ክዳን ሠርቶ ይረጋል። ነጠላው ተዘፍዝፎ ሲያድርም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ውሃው እየበረደ ሲሄድ የተንሳፈፈው ሰም ተመልሶ በጨርቁ ሁሉ ላይ በስሱ ያርፋል። ጧት ሲያወጡት ነጠላው ይደርቃል፣ ይገረራል፣ ውሃም አልቀበል ይላል። አንድ ቦታ የነበረው ሰም ሁሉም ቦታ ደርሷል።

ጥለት የሌለው ንጹሕ የጥጥ ጋቢ ከሆነ ግን የእትየ ምክር ይስተካከላል። ሁለት ሰው ጨርቁን ሳፋ ላይ ወጥሮ ይይዛል፤ ሦስተኛው የፈላውን ውሃ ከማንቆርቆሪያ ሰሙ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ያወርዳል። ሰሙ ከውሃው ጋር አልፎ ሳፋ ውስጥ ይወድቃል፤ ጨርቁ ወዲያው ይነሣል፣ ሳፋው ውስጥ አይገባም። እጅ እንዳይቃጠል ከፍ አድርጎ ወጥሮ መያዝ ነው፤ ልጆችም ይራቁ። የሳፋውን ውሃ ደግሞ ሲበርድ ሰሙን ከላዩ አንሥቶ ነው የሚደፉት፤ ቧንቧ ውስጥ የገባ ሰም እዚያው ይረጋል። ባለ ጥለት ነጠላ ላይ ይህን አታድርጉት፤ ቀይና አረንጓዴው ክር ቀለም ከለቀቀ ሰሙን ትናፍቁታላችሁ።

«ሁሉን ነቀፍክ። ያንተስ የታለ?»

የኔ አይደለም፤ የእናቶች ነው።

እብናት ውስጥ አንዲት እናት ሲሠሩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ነጠላውን ማታ አውጥተው ሰሙ ያለበትን ወደ ላይ አድርገው ደጅ ገመድ ላይ ሰቀሉት። ብርዱ እንዲሠራ ነው። በገናና በጥምቀት ሰሞን ውርጩ ራሱ ሥራውን ይጨርሰዋል፤ በፋሲካ ሰሞንም የሌሊቱ አየር አያንስም። ጧት ፀሐይ ሳትነካው አወረዱት። ሰሙ ያረፈበትን ቦታ በሁለቱ አውራ ጣቶቻቸው መሀል ይዘው አንድ ጊዜ አጎበጡት። ቀጭ አለ። ልጣጩ ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። ማንኪያ አስመጡና በደነዘው ጠርዙ ከዳር ወደ መሀል ገፋ ገፋ አደረጉት፤ ከመሀል ወደ ዳር አይደለም፣ ፍርፋሪው ንጹሑ ቦታ ላይ እንዳይበተን። ልጃቸው ቢላ አቀረበች። «ቢላ ክር አይለይም» ብለው መለሱላት። የተነሣውን ፍርፋሪ በሲኒ ሰበሰቡት።

ካውያቸው የከሰል ነው። ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ጠበቁት፤ ደጅ ወጥተው ወዲያና ወዲህ አወዛወዙት፤ ታችኛውን ፊት ጥላሸትና አመድ እንዳይኖርበት በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። ጣታቸውን በውሃ ነክረው ጠብ አደረጉበት። «ቸስ!» ብሎ ዘለለ። «ገና ነው» ብለው አስቀመጡት። ቆይተው ደገሙት፤ አሁን ጠብታው ሳይጮህ ቀስ ብሎ ደረቀ። በቃ። ሰሙ 64 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ከሆነ ለእሱ የጋለ ብረት ማምጣት ትርፍ ነው።

ከነጠላው ሥር ነጭ ሶፍት ደራርበው ዘረጉ፤ ከላይም ደረቡ። ካውያውን አልጎተቱትም። አሳረፉት፣ አነሡት። እንደገና አሳረፉት፣ አነሡት። ሶፍቱን ሲገልጡት መሀሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ወጥቶበታል፤ ሰሙ ወደ ወረቀቱ ተሻግሯል። ያንን ወደ ጎን አድርገው አዲስ ዘረጉ። ሁለተኛው ክብ አነሰ። ሦስተኛው ነጥብ ብቻ ሆነ። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ የተነሣ ጊዜ ካውያውን አስቀመጡ። የዚህ ሥራ ባለቤት ወረቀቱ ነው፤ ካውያው የሚያቀልጥለት ብቻ ነው። ወረቀት መቀየር የሰለቸው ሰው ያወጣውን ሰም እዚያው መልሶ ይተኩሰዋል።

የቀረውን ጥላ በሞቀ ውሃና ሳሙና አጠቡት፤ ሳሙናውን ቀብተው ትንሽ አቆዩት፣ ከዚያ በስሱ አሹት።

«እንዶድ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይላሉ አንድ አባት።

አባቴ፣ እንዶድ አረፋ አለው፤ እሳት የለውም። የረጋ ሰም አረፋ አይፈራም።

እንዶድን አልነቅፍም፤ የማንነቅፈው ነገር ቢኖር እሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምር የተነሡት። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚያው አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ተክል ነው። ግን ተራ አለው። ሰሙ በብርድና በወረቀት ከወጣ በኋላ የቀረውን ቅባት ለማጠብ እንዶድ ሸጋ ነው፤ ጥጥንም አይጎዳም። ሰሙ ሳይወጣ ከገባ ግን ድካሙ ለአረፋ ነው።

«ሶፍት ከሌለ ጋዜጣ አንጥፊ።»

ሰሙ ይወጣል፤ ዜናው ይቀራል።

የጋዜጣ ቀለም በሙቀትና በሰም ይለቃል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ደግሞ ተገልብጦ ይነበባል። ሶፍት ካጣችሁ ምንም ያልተጻፈበት የደብተር ወረቀት ወይም የታጠበ አሮጌ ነጭ ጨርቅ ያገለግላል።

«ካውያውን በደንብ አግሎ አንድ ጊዜ ማለፍ ነው፤ ምን ያንከራትታል!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንተ ደግሞ የምትለቅመው አይኖርህም።

የዛሬው ጥለት ሁሉ ጥጥ አይደለም። የሚያብረቀርቀውና እንደ ሐር የሚለሰልሰው ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። የጋለ ብረት ሲነካው ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፣ ቀለሙ ይጨፈግጋል። ከሰም የሚያድነው ሰው አለ፤ ከተኮማተረ ጥለት የሚያድነው ግን ሸማኔው ራሱ ነው፣ እሱም ቆርጦ በመጣል። ጥለቱ ላይ የፈሰሰ ከሆነ ካውያውና ወረቀቱ መሀል አንድ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ ጨምሩ፤ ሙቀቱንም ዝቅ አድርጉ። በኤሌክትሪክ ካውያ ለምትሠሩ፣ ከሁሉም ያነሰው ሙቀት ይበቃል፤ እንፋሎቱንም ዝጉት።

አሁን ወደ ምንጣፉ ልግባ፤ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ወለል በፊት ሰሌን፣ ሣርና ጭድ ነበር። ጧፍ ቢንጠባጠብበት አሮጌው ይነሣል፣ አዲስ ይነጠፋል፤ ማንም አይከሰስም። ዛሬ በስለት የመጣ ምንጣፍ ከበር እስከ ቅድስቱ ተነጥፏል። ሰው ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው፤ ያ ሁሉ ባዶ እግር በቆመ ቁጥር የእግሩ ሙቀትና ክብደት ሰሙን ወደ ጸጉሩ ሥር ይነዳዋል። አቧራ ይቀመጥበታል። በዓመቱ ጧፍ የሚለኮስበት ጥግ ጥቁር ይሆናል። ምንጣፉን የሰጠችው ሴት ምናልባት አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ባገኘችው ነው የገዛችው።

«ሌላ የሚሳል አይጠፋም፤ ይቀየራል» ይላል አንዱ ወጣት።

የሰው ስለት የአንተ መጥረጊያ አይደለም።

ደግሞ መቀየር አያስፈልገውም። ብዙው ዋጋው መለስ ያለ ምንጣፍ የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ክር 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያም በታች ይለሰልሳል። ለጥጥ የጋለ ካውያ 200 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ምንጣፍ ላይ ካውያ ይዞ የሚንበረከክ ሰው መጀመሪያ ይህን ይወቅ፦ ሰሙን ሊያወጣ ሄዶ የካውያውን ቅርጽ ጥሎ ሊመጣ ይችላል። ምንጣፍ ላይ ዋናው ሥራ የብርድ ነው። በረዶ ካለ ፌስታል ውስጥ ከቶ፣ ፌስታሉን ቋጥሮ ሰሙ ላይ ማስቀመጥ። ሰሙ ሲጠነክር በማንኪያ ጀርባ መታ መታ ማድረግ፤ ይፈረካከሳል። ፍርፋሪውን ወዲያው መልቀም፤ እዚያው ከተተወ ከሰዓት በኋላ ሞቆ ይመለሳል። ይህን ሁለቴ ሦስቴ ከደጋገሙት ካውያ የሚያስፈልገው የቀረችው ስስ ሽፋን ብቻ ናት። ለእሷም ወረቀት፣ ከወረቀቱ በላይ ጨርቅ፣ ከጨርቁ በላይ ለብ ያለ ካውያ፤ ቆጥረህ ሦስት ሳትሞላ ታነሣለህ። መጀመሪያ ከዳር፣ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረህ።

«በረዶ ከየት ይመጣል? መብራት እንደሆነ ይሄዳል ይመጣል፤ ፍሪጅም የለን።»

ፍሪጅ ባይኖር ጉና አለ።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ አጠገብ ያለ አገር ብርድ ቸግሮት አያውቅም። ምንጣፉ ከሚነሣ ዓይነት ከሆነ ሌሊት ደጅ አውጥቶ አጥር ላይ መስቀል፣ ጧት ማለዳ ከፀሐይ በፊት ከጀርባው በዱላ ማራገፍ። ግማሹ ሥራ ያለ አንድ ሳንቲም አለቀ።

ባና ላይ የፈሰሰ ሰም ሌላ ነው፤ የበግ ጸጉር ጥጥ የሚችለውን አይችልም። የፈላ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ይኮማተራል፣ ይጨማደዳል። በረኪና ደግሞ የበግ ጸጉርን ከመጉዳት አልፎ ያሟሟዋል። ሰሙን ይዞ መሳብም አይቻልም፤ ጸጉሩ አብሮ ይነቀላል። ብርድ፣ ትዕግሥት፣ ጣት። ሰሙ ከደረቀ በኋላ በሁለት ጣት እየፈረካከሱ ከጸጉሩ ላይ ማራገፍ ነው፤ የመጨረሻዋን በወረቀትና በቀዝቀዝ ያለ ካውያ ማንሣት። የፋርጣ በግ ጸጉር ስንት ሰው እጅ አልፎ ባና እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አንድ ማለዳ አይበዛበትም።

«ጥፋተኛው ጧፉ ነው። ድሮ እንዲህ አይንጠባጠብም ነበር» ይላሉ አንድ ቄስ።

አባታችን፣ እዚህ ላይ አልመልስም፤ እውነትዎን ነው።

ደህና ጧፍ የጥጥ ክርና የንብ ሰም ነው፤ ሌላ የለውም። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ሆና ሳለች ገበያው ላይ ፓራፊን የተቀየጠበት፣ ሞራም የተጨመረበት ጧፍ ይሸጣል። ፓራፊን ከነዳጅ የሚወጣ ነው፤ ብዙው ዓይነቱ ከንብ ሰም ባነሰ ሙቀት ይለሰልሳል፤ እጅ ውስጥ ይጎብጣል፣ ይንጠባጠባል። ሞራ የገባበት ደግሞ ሰሙ ከወጣ በኋላም የቅባት ምልክት ጥሎ ይሄዳል፤ እሱን ካውያ አያወጣውም፣ ሳሙና ነው የሚያወጣው። ባለ ቀለም ሻማ ሌላ ጣጣ አለው። ሰሙ በወረቀት ቢወጣም ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላው ይቀራል። ለዚያ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አልኮል በነጭ ጥጥ ነክሮ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ሳያሹ፣ ጥጡን እየቀየሩ፣ ጥለት ሳይነኩ። አልኮልም ይነዳልና ምድጃውም ካውያውም ከቤት ከወጡ በኋላ።

መንጠባጠቡንስ ማስቀረት አይቻልም? ይቻላል። ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ካርቶን መሀሉ ተበስቶ ጧፉ ላይ ቢሻጥ የሚወርደው ሰም እዚያው ላይ ይቀራል። እሳት ሲቀባበሉ የሚነደው ጧፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ያልተለኮሰው ነው ዘንበል ማለት ያለበት። ይህን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በአንድ ቀን ሕዝቡን ሊያስለምዱት ይችላሉ። ካርቶኑም ከሱቅ በነጻ ይገኛል።

«ለአንድ ነጠላ ይህን ያህል! ገበያ ሞልቶ የለ?»

ገበያ ላይ ነጠላ አለ። የእናትህ ፈትል ግን አይሸጥም።

ጥጡን የፈለቀቀችው፣ በደጋን የነደፈችው፣ ማታ ማታ በእንዝርት የፈተለችው፣ ማጉን ለሸማኔ ወስዳ ስፋቱን የተከራከረችው እሷ ናት። ዓይኗ ዛሬ እንደዚያ አያይም፤ ሌላ ፍተይልኝ አትላትም። ሰውየው ይህን ሲሰማ ነጠላውን ከመሬት አነሣ፤ ጥሩ አደረገ።

ውጭ አገር ያላችሁትም ትጠይቃላችሁ። ከእብናት የተላከ ነጠላ ቨርጂኒያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰም ያርፍበታል፤ ልጅቱ ደውላ «ላውንደሪ ልስጠው?» ትላለች።

ለማያውቀው ከመስጠትሽ በፊት ለፍሪዘርሽ ስጪው።

በንጹሕ ፌስታል አድርገሽ አንድ ሰዓት አቆዪው፤ አውጥተሽ አጉብጪው፣ ይፈረካከሳል። ከዚያ ሶፍትና ከሁሉም ያነሰ የካውያ ሙቀት። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ሰሙ ሳይወጣ አታስገቢው፤ በሙቅ ውሃ ቀልጦ ለሌላው ልብስሽ ይዳረሳል። ማድረቂያ ማሽን ውስጥማ ጭራሽ።

«የተፋቀውን ፍርፋሪስ ልጣለው?» አለች ቅድም ቢላ ያቀረበችው ልጅ፤ ሲኒውን ይዛ።

ምን ሲደረግ! ንብ ስንት አበባ ዞራ የሠራችው ነው።

ሰም የጠጣው ሶፍት ለነገ ከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል። ፍርፋሪው ደግሞ ተጠራቅሞ ይቀልጣል፤ በስስ ጨርቅ ተጠልሎ የጥጥ ክር ይነከርበታል፣ ወይም ለጫማ ሰፊ ይሰጣል፣ ክሩን ይስብበታል። ሲቀልጥ ግን እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም። ቆርቆሮ ውስጥ ይደረግና ቆርቆሮው ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰውም ከአጠገቡ አይነሣም። ከመጠን በላይ የጋለ ሰም ራሱ እሳት ይይዛል። ያኔ «ውሃ አምጡ!» ብሎ የሚጮህ አይጠፋም።

ክዳን አምጡ። የነደደ ሰም ላይ ውሃ ሲፈስበት ውሃው ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ሰም ጣሪያ ድረስ ይረጨዋል፤ ክዳን ሲገጠምበት ግን አየር ያጣና እዚያው ይጠፋል።